የማይቸኩል ብርሃን፦ ፎቶግራፍና የዕለት ኑሮ በአውሮፓ ሰሜን ጫፍ

የኖርዌይ፣ የስዊድንና የፊንላንድ ሰሜናዊ ክፍል ከአርክቲክ ክበብ በላይ፣ ማለትም ከ66.5 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ባሻገር ያለ ምድር ነው። ተራራው፣ ሐይቁ፣ የጥድ ደኑና በተራሮች መካከል ዘልቆ የገባው ባሕር በየዓመቱ ካሜራ ያነገቱ እንግዶችን ይስባል። አካባቢውን ለፎቶግራፍ ለየት የሚያደርገው ግን ከመልክዓ ምድሩ ይልቅ ብርሃኑ ነው። ብርሃኑ በክረምት ያጥራል፣ በበጋ ማለቂያ ያጣል፤ በሁለቱም ወቅት የሚለወጠው ቀስ ብሎ ነው። የካሜራ አያያዙም ሆነ ፎቶ አንሺዎቹ የሚመርጡት ርዕሰ ጉዳይ ከዚህ ጠባይ ይመነጫል። በዚህ ምዕራፍ ክረምት ሲባል ከኖቬምበር እስከ ማርች ወይም ከዚያም በላይ የሚዘልቀው የበረዶ ወቅት ነው፤ ወራቱና ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

የፀሐይ መንገድ

ምድር የምትሽከረከርበት ዘንግ 23.4 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው። በዚህ ምክንያት ሰሜናዊው ዋልታ የዓመቱን ግማሽ ወደ ፀሐይ አዘንብሎ፣ ቀሪውን ግማሽ ከፀሐይ ርቆ ያሳልፋል። ወደ 70 ዲግሪ ኬክሮስ በተጠጋችው የኖርዌይ ከተማ በትሮምሶ፣ በዲሴምበር 21 እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ 3 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብላ ትውላለች። በጁን 21 እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ ከአድማስ በላይ በዚያው ልክ ከፍ ብላ ትታያለች። ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ጃንዋሪ አጋማሽ ጨርሶ አትወጣም፤ ከሜይ ሦስተኛ ሳምንት አንስቶ እስከ ጁላይ ሦስተኛ ሳምንት አትጠልቅም። ወደ ደቡብ ሁለት ዲግሪ ያህል ዝቅ ባለችው የስዊድኗ ኪሩና ፀሐይ የማትወጣበት ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነው።

ከኢትዮጵያ ጋር ማነጻጸሩ ልዩነቱን ያጎላዋል። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስለምትገኝ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓትን ከፀሐይ መውጫ አንስቶ መቁጠርና ጠዋት 12 ሰዓት ነጋ፣ ማታ 12 ሰዓት መሸ ማለት የሚያስኬደውም ለዚህ ነው። ፀሐይ ወደ አድማስ የምትወርደው ቀጥ ብላ ስለሆነ ከጠለቀች በኋላ ያለው ወገግታ ከሃያ ደቂቃ ብዙም አይዘልቅም። በሰሜን ግን ፀሐይ አድማሱን እየታከከች ወደ ጎን ትሄዳለች። ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በማርች 20 ገደማ በአዲስ አበባ እኩለ ቀን ላይ የፀሐይ ከፍታ 81 ዲግሪ ሲሆን፣ በኪሩና 22 ዲግሪ ብቻ ነው። በዚያ ከፍታ አንድ ሰው በእኩለ ቀን የሚጥለው ጥላ ከቁመቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ይረዝማል።

ለፎቶ አንሺ ይህ ትልቅ ትርጉም አለው። ዝቅ ብላ የምታበራ ፀሐይ ብርሃኗ ረጅም የአየር ንብርብር አቋርጦ ይመጣል። በመንገዱም ሰማያዊው ክፍል ተበትኖ ቢጫውና ቀዩ ይቀራል። በምድር ወገብ አካባቢ ይህ ሞቅ ያለ ብርሃን ጠዋትና ማታ ለግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ይገኛል። ትሮምሶ ውስጥ ፀሐይ በምትመለስበት በጃንዋሪ መጨረሻ ግን ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ቀኑ በሙሉ እንደዚያ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ መሮጥ የለም፤ አንዱን ገደል ከአንድ ጎኑ አንስቶ፣ ዞሮ ከሌላው ጎን ለማንሳት ጊዜ ይበቃል።

ሰማያዊው እኩለ ቀን

ፀሐይ የማትወጣበት ወቅት የዋልታ ሌሊት ይባላል። ስሙ ድቅድቅ ጨለማን ቢያስታውስም በስካንዲኔቪያ ሰሜን ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ፀሐይ ከአድማስ በታች በ6 ዲግሪ ውስጥ እስካለች ድረስ ከቤት ውጭ ያለ መብራት መንቀሳቀስ ይቻላል። ትሮምሶ በዓመቱ ጨለማ በሆነው ቀን እንኳ እኩለ ቀን ግድም ጥቂት ሰዓት እንዲህ ያለ ወገግታ ታገኛለች። በደቡብ አድማስ ላይ ብርቱካናማና ሐምራዊ መስመር ይዘረጋል፤ ከዚያ በላይ ያለው ሰማይ፣ ከሥሩም ያለው በረዶ ጥልቅ ሰማያዊ ይሆናል።

የዚህ ሰማያዊ ምንጭ ከቀን ሰማይ ቀለም የተለየ ነው። በ1953 አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድዋርድ ኸልበርት እንዳሳየው፣ ፀሐይ ከአድማስ በታች ስትሆን ብርሃኗ በኦዞን ንብርብር ውስጥ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ ኦዞኑ ብርቱካናማውንና ቀዩን ክፍል ይውጠዋል። የቀረው ሰማያዊ በረዶው ላይ አርፎ ስለሚንጸባረቅ አገሩ ሁሉ በአንድ ቀለም ይነከራል። ካሜራ ግን ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) በራሱ እንዲያስተካክል ከተተወ ይህን ቀለም እንደ ስህተት ቆጥሮ ሊያጠፋው ይሞክራል። ልምድ ያላቸው ፎቶ አንሺዎች በቀን ብርሃን ልክ ቆልፈው ሰማያዊውን ያቆዩታል።

ለዚህ ብርሃን የተሠራ ዓይን ያለው ፍጡርም በአካባቢው አለ። ሬይንዲር የሚባለው የበረዶ አገር አጋዘን ከዓይኑ ጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን አለው። በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ይህ ሽፋን በበጋ ወርቃማ ሲሆን በክረምት ወደ ሰማያዊ ይለወጣል፤ እንስሳውም በድንግዝግዝታ የማየት ችሎታው ይጨምራል።

የከተማና የመንደር ፎቶ በብዛት የሚነሳውም በዚህ ሰዓት ነው። በዲሴምበር በየቤቱ መስኮት ላይ የወረቀት ኮከብና በኤሌክትሪክ የሚበራ መቅረዝ ይቀመጣል፤ ብዙዎች መጋረጃቸውን አይዘጉም። የአምፖሉ ብርሃን ቀለም በኬልቪን መለኪያ 2,700 አካባቢ ሲሆን፣ የወገግታው ሰማይ ከ10,000 በላይ ይደርሳል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በአንድ ፎቶ ውስጥ ቢጫው መስኮትና ሰማያዊው በረዶ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለቱ በብርታት የሚመጣጠኑበት ጊዜ በሌላ አገር ደቂቃዎች ብቻ ሲቆይ፣ እዚህ ይራዘማል። በዚያ መሐል ጀርባቸው ላይ አንጸባራቂ የለበሱ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ፣ አንዲት አሮጊት የገበያ ቦርሳቸውን በእግር በሚገፋ ተንሸራታች ወንበር ላይ አስቀምጠው ሲያልፉ፣ የአንዱ መኪና ሞተር በኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳ ተያይዞ ሲሞቅ ይታያል።

በረዶና ብርድ

በካሜራ ውስጥ ያለው የብርሃን መለኪያ፣ የሚያየው ሁሉ በአማካይ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። አዲስ የወረደ በረዶ ግን ካረፈበት ብርሃን ከ80 እስከ 90 በመቶውን ይመልሳል። መለኪያው «ይህ በጣም በራ» ብሎ ብርሃኑን ሲቀንሰው ነጩ በረዶ በፎቶው ላይ የቆሸሸ ግራጫ ይሆናል። መፍትሔው ካሜራው ከሚለው ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ መጨመር (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን እጥፍ ያደርገዋል)፣ ከዚያም የበረዶው ዝርዝር ጨርሶ ነጥቶ እንዳይጠፋ የብርሃኑን ስርጭት በሚያሳየው ሂስቶግራም ማረጋገጥ ነው። የበረዶ ጥላ ሰማያዊ መሆኑ ግን የካሜራ ጥፋት አይደለም። ጥላ ያረፈበት ቦታ የፀሐይ ብርሃን ስለማያገኝ የሚበራው በሰማዩ ብቻ ነው።

ብርዱ ደግሞ በመሣሪያው ላይ ይሠራል። ከባሕሩ ራቅ ባለው የስዊድንና የፊንላንድ ክፍል ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ብርቅ አይደለም። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት በብርድ ስለሚዘገይ፣ ሙሉ የነበረ ባትሪ በድንገት አለቀ ይላል፤ ሲሞቅ ደግሞ ከፊሉን ኃይል መልሶ ያገኛል። ስለዚህ ትርፍ ባትሪዎች የሚያዙት በውስጠኛ ኪስ፣ ከሰውነት ጋር ተጠግተው ነው። የካሜራው ስክሪን ይዘገያል፤ የብረት ትሪፖድ በባዶ እጅ ሲነካ ቆዳ ይዞ ይቀራል፤ ወደ ሌንሱ የተነፈሰ ትንፋሽ ወዲያው ውርጭ ይሆናል። በዚህም የተነሳ ብዙዎች ስስ ጓንት ከሥር፣ ወፍራም ጓንት ከላይ ያጠልቃሉ፤ ፎቶ ሲያነሱም ትንፋሻቸውን ወደ ጎን ያደርጋሉ።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት የሚደርሰው ውጭ ሳይሆን ቤት ሲገባ ነው። የሞቀ ክፍል አየር እርጥበት አለው፤ ያ እርጥበት ከቀዘቀዘ ብርጭቆና ብረት ጋር ሲገናኝ፣ ከብርድ ወደ ቤት የገባ ሰው መነጽር እንደሚደበዝዝ ሁሉ፣ በካሜራው ላይም በውስጡም ውኃ ሆኖ ይጠራቀማል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ገና ውጭ ሳሉ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጎ በደንብ ማሰር፣ ቤት ገብቶም የክፍሉን ሙቀት እስኪያገኝ ሳይከፍቱ መተው።

የሰሜን ብርሃንና የፎቶግራፍ ታሪኩ

የሰሜን ብርሃን ወይም አውሮራ የሚፈጠረው ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶች ያነቃቁት የምድር መግነጢሳዊ መስክ ኤሌክትሮኖችን ወደ ከባቢ አየር ሲያፈጥን ነው። ኤሌክትሮኖቹ ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ከኦክስጅንና ከናይትሮጅን ጋር ሲጋጩ ጋዞቹ ያበራሉ። በብዛት የሚታየው አረንጓዴ ከኦክስጅን ነው፤ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ኦክስጅን ቀይ ይሰጣል፤ በታችኛው ጠርዝ አንዳንዴ የሚታየው ሮዝ ከናይትሮጅን ነው። ክስተቱ መግነጢሳዊውን ዋልታ የከበበ ቀለበት ይሠራል፤ ሰሜን ስካንዲኔቪያም ከቀለበቱ ሥር ትገኛለች።

ይህን ብርሃን በፎቶ ለመያዝ ብዙ ተለፍቶበታል። ዴንማርካዊው መምህር ሶፉስ ትሮምሆልት ከ1882 እስከ 1883፣ በመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዋልታ ዓመት፣ በኖርዌይ ካውቶኬይኖ ተቀምጦ ሞከረ፤ የዘመኑ የመስታወት ፕሌት ለደካማ ብርሃን ስላልበቃ አልቀናውም። በ1892 ጀርመናዊው ማርቲን ብሬንደል በሰሜን ኖርዌይ ቦሴኮፕ የመጀመሪያውን የተሳካ ፎቶ አነሳ። ከዚያ በኋላ ኖርዌጂያዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ስተርመር በ1910 እና በ1913 ወደ ቦሴኮፕ ተጉዞ ፎቶግራፍን መለኪያ አደረገው። በኪሎ ሜትሮች በተራራቁ ሁለት ጣቢያዎች የቆሙ ሰዎች በስልክ እየተነጋገሩ አንዱን ብርሃን በአንድ ቅጽበት ያነሳሉ። በሁለቱ ፎቶዎች ላይ ብርሃኑ ከጀርባው ካሉት ከዋክብት አንጻር ያለው ቦታ ይለያያል፤ ከልዩነቱ ከፍታው ይሰላል። የአውሮራ የታችኛው ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ መሆኑ የተረጋገጠው በእነዚህ ፎቶዎች ነው።

ዛሬ ሥራው ቀላል ሆኗል። ካሜራው ትሪፖድ ላይ ይቆማል፣ ሰፊ ሌንስ እስከ መጨረሻው ይከፈታል፣ የብርሃን ትብነቱ (አይ ኤስ ኦ) 1,600 ወይም 3,200 ላይ ይደረጋል፣ ፎከሱ በእጅ በአንድ ብሩህ ኮከብ ላይ ይስተካከላል። ሹተሩ የሚከፈትበት ጊዜ ግን በብርሃኑ ፍጥነት ይወሰናል። ለረጋ ቅስት አሥር ሰከንድ ይስማማዋል፤ ለሚወራጭ መጋረጃ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ካለፈ ቅርጹ ይደበዝዛል። ፎቶው ብዙ ጊዜ ከዓይን ይልቅ የደመቀ ቀለም ያሳያል፤ በደካማ ብርሃን የሚሠሩት የዓይን ሕዋሳት ቀለም ስለማይለዩ ነው። ከቅንብሩ በላይ ወሳኙ ጥርት ያለ ሰማይ ነው። የስዊድኗ አቢስኮ በዚህ ትታወቃለች። ከምዕራብ የሚመጣው ደመና እርጥበቱን በኖርዌይ ተራሮች ላይ አራግፎ ስለሚደርስ፣ ቦታው ከስዊድን እጅግ ደረቃማ አካባቢዎች አንዱ ነው፤ 70 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የቶርኔትሬስክ ሐይቅ ላይ ሰማዩ ደጋግሞ ይገለጣል።

እንስሳትና የመጠጋት ልክ

በስዊድን፣ በኖርዌይና በፊንላንድ ማንኛውም ሰው ጉዳት እስካላደረሰ ድረስ በሌላ ሰው ደንና ሜዳ የመዘዋወር መብት አለው። ፎቶ አንሺ ይህን መብት የሚጠቀመው ከእነ ኃላፊነቱ ነው፤ በተለይ በክረምት። በብርዱ ወራት እንስሳት የሚኖሩት በቆጠቡት ጉልበት ነው፤ አንዴ ደንግጠው በጥልቅ በረዶ ቢሮጡ ያባከኑትን መልሶ የሚሞላ መኖ አያገኙም። በየመንገዱ የሚታየው ሬይንዲርም ባለቤት የሌለው የዱር እንስሳ አይደለም። እያንዳንዱ በጆሮው ላይ በተቀረጸ ምልክት የሚታወቅ ባለቤት አለው፤ በስዊድን የእርባታው መብት የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆኑት የሳሚዎች ነው። መንጋውን በድሮን ወይም በበረዶ ላይ በሚነዳ ሞተር መበተን የአርቢውን የሥራ ቀን ማጥፋት ነው።

ቀርቦ የሚነሳ እንስሳ ግን አይጠፋም። ጅራቷ ቀላ ያለው ግራጫዋ የሳይቤሪያ ጄይ ሰው ብዙ የማትፈራ የደን ወፍ ናት። ምግቧን ክረምት ከመግባቱ በፊት በዛፍ ቅርፊትና በዛፍ ሽበት ሥር ደብቃ ስለምትከርም የያዘችውን ቁራሽ ስትወሽቅ ለማንሳት ይመቻል። ቆቅ የምትመስለው ፕታርሚጋን ደግሞ በክረምት ላባዋ ስለሚነጣ በነጭ በረዶ ላይ ፎቶ ለማንሳት ትፈትናለች። በእንዲህ ያለው ፎቶ ቅርጹን የሚሰጡት ጥቁሩ ዓይን፣ የጅራቱ ጥቁር ላባና ሰውነቷ በረዶው ላይ የሚጥለው ስስ ጥላ ናቸው፤ ብርሃኑም ከጎን መምጣት አለበት። ዝቅተኛዋ የሰሜን ፀሐይ የምትሰጠው ይህንኑ ነው።

ሰዎችና ቀኖቻቸው

ከብርሃንና ከተፈጥሮ ቀጥሎ የሰሜን ፎቶግራፍ ሁለተኛ መስመር በኑሮ ላይ ያተኮረ ነው፤ ሁለቱን መስመሮች አብረው የያዙም አሉ። አውሮራን የለካው ስተርመር በ1890ዎቹ፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ ከሰደርያው ሥር የተደበቀ ክብ ካሜራ ይዞ በኖርዌይ ዋና ከተማ ጎዳና ላይ ሰላምታ የሚሰጡትን መንገደኞች በአዝራር ቀዳዳ ያነሳ ነበር። ሰው በስቱዲዮ ተገትሮ በሚነሳበት ዘመን እነዚህ ፎቶዎች ሰዎችን ሲስቁና ባርኔጣ ሲያነሱ ያሳያሉ።

ትሮምሆልት በበኩሉ አውሮራው ሲያቅተው ካሜራውን ወደ ካውቶኬይኖ የሳሚ ጎረቤቶቹ አዞረ። ከሞላ ጎደል የእያንዳንዱን ሰው ስም መዘገበ፣ ተነሺውም ቀና ብሎ ሌንሱን እንዲመለከት አደረገ። የዘመኑ ልማድ ግን ሌላ ነበር። ሳሚዎችን እንደ «ዓይነት» ቆጥሮ ከፊትና ከጎን ማንሳት የተለመደ ሲሆን፣ በ1922 ኡፕሳላ የተቋቋመው የስዊድን የዘር ጥናት ተቋም ይህንኑ በመንግሥት ደረጃ አካሄደው። በበርገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያለው የትሮምሆልት ስብስብ በ2013 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ሰፍሯል። የስም ዝርዝሩ መኖር ዛሬ የተነሺዎቹ ዘሮች የቅድመ አያቶቻቸውን ፎቶ እንዲያገኙ ረድቷል።

ከትሮምሆልትና ከስተርመር በኋላ የመጡት ፎቶ አንሺዎች የበለጠ በአንድ ቦታ የረጉ ነበሩ። ቦርይ ሜሽ በ1899 ኪሩና ገብቶ ስቱዲዮ ከፈተ፤ የብረት ማዕድን ማውጫው ሲቆፈር፣ ወደ ኖርዌይዋ ናርቪክ የሚሄደው የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ፣ ከተማዋ ከእንጨት ጎጆ ተነስታ ስትሠራ አብሯት ነበር። ሱኔ ዮንሶን ከአርክቲክ ክበብ ደቡብ ባለችው የስዊድን አውራጃ በቬስተርቦተን ተወልዶ፣ ለአውራጃው ሙዚየም እየሠራ የሚጠፉትን የትናንሽ ገበሬዎች መንደሮች መዘገበ። በ1959 የወጣው መጽሐፉ የተወለደበትን አካባቢ ሰዎች በኩሽናቸውና በእርሻቸው ያሳያል፤ የሥራው ድምርም በ1993 የሃሰልብላድ የፎቶግራፍ ሽልማት አስገኝቶለታል። ፊንላንዳዊው ፔንቲ ሳማላህቲ ደግሞ በጥቁርና ነጭ በሚያትማቸው ትናንሽ ፎቶዎች በረዶ ላይ ለሚሄዱ ውሾች፣ ለወፎችና ለሰዎች እኩል ቦታ ይሰጣል።

በእነዚህ ሥራዎች የሚታየው ድርጊት ጥቂት ነው። ሰውዬው በሐይቁ በረዶ ላይ ቀዳዳ በስቶ፣ በሬይንዲር ቆዳ ላይ ተጋድሞ ዓሣ እስኪነክስ ይጠብቃል። በቶርኔ ወንዝ ሸለቆ ቤተሰቡ የአይብ ቁራጭ የተነከረበት ቡና ይጠጣል። ብርዱ ጠንክሮ ነፋስ ሲጠፋ የጭስ ማውጫው ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣል። እንግዳ ፎቶ አንሺ ለአንድ ሳምንት መጥቶ አውሮራን ሊያገኝ ይችላል፤ ይህን ዓይነቱን ፎቶ ግን የሚያገኘው ጎረቤቱ መቼ በረዶ እንደሚጠርግ፣ የሐይቁ የትኛው ጥግ ቀድሞ እንደሚረጋ የሚያውቅ ነዋሪ ነው።

የብርሃን መመለስና የመዝገቡ ዋጋ

በትሮምሶ ፀሐይ በተራሮቹ መካከል ዳግም የምትታየው በጃንዋሪ 21 ገደማ ነው። ቀኑ የፀሐይ ቀን ይባላል፤ ልጆች ከክፍል ወጥተው ይጠብቋታል፣ የየዳቦ ቤቱም ጣፋጭ ክብ ዳቦ ይበላል። ከዚያ በኋላ ቀኑ በአማካይ በየዕለቱ ከአሥር ደቂቃ በላይ እየረዘመ ሄዶ በሜይ ሌሊቱ ጨርሶ ይጠፋል። በበጋ የፎቶ አንሺው ቀን ይገለበጣል። በቀትር ፀሐይዋ ከፍ ብላ ብርሃኑ ስለሚጠነክር ብዙዎች ያንን ሰዓት ይተኛሉ፤ ከሌሊቱ 4 ሰዓት እስከ 8 ሰዓት፣ ፀሐይ በሰሜን አድማስ ላይ ዝቅ ብላ ስትጓዝ ይወጣሉ። በዚያው ሰዓት ሣር የሚያጭዱ ገበሬዎችና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ማግኘትም የተለመደ ነው።

አንድን ቦታ በየወቅቱ ከአንድ ነጥብ ደጋግሞ ማንሳት በሰሜን ፎቶ አንሺዎች ዘንድ የተወደደ ልማድ ነው፤ ጥቅሙም ከውበት ያልፋል። የስዊድን ከፍተኛ ስፍራ የነበረው በበረዶ ግግር የተሸፈነው የኬብነካይሰ ተራራ ደቡብ ጫፍ እየቀለጠ ዝቅ ብሎ፣ በ2019 ከድንጋያማው የሰሜን ጫፍ ማነሱ ተረጋግጧል። የዛፎች ወሰን፣ የበረዶ ግግሮች ጠርዝና የሐይቆች የመርጊያ ጊዜ ሲለወጥ ተመራማሪዎች የድሮና የዛሬ ፎቶዎችን ጎን ለጎን አድርገው ያነጻጽራሉ።

ከተማም እንዲሁ ይለወጣል። በኪሩና ሥር ያለው የማዕድን ቁፋሮ መሬቱን እያሰመጠ በመምጣቱ የከተማዋ መሐል ወደ ምሥራቅ እየተዛወረ ነው፤ በ1912 የተሠራው የእንጨት ቤተ ክርስቲያን በኦገስት 2025 እንዳለ ተጭኖ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ተጓዘ። ሜሽ ለዕለት ሥራው ያነሳቸው ጎዳናዎችና ቤቶች ብዙዎቹ በቦታቸው የሉም። በአንድ ቦታ ረግቶ ተራውን ቀን ማንሳት ለሰሜን ፎቶግራፍ የሚሰጠው ትልቁ ዋጋም ይኸው ነው፤ ሲነሳ ተራ የነበረው ከጊዜ በኋላ ብቸኛ ማስረጃ ይሆናል።